«ኖር» የተባለው ከርከሮ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ የዛሬው ግን ስለ በረት ሳይሆን ስለ ጉድጓድ ነው።

ድሮ ድሮ አንድ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ነበር። ከጫካው ማዶ ጨዋማ አፈር ያለበት ሜዳ ነበር። የሩቅ አገር አውሬ ሁሉ ያንን አፈር ሊልስ ስለሚመጣ መንገዱ መንገደኛ አጥቶ አያውቅም። ውሎ አድሮ ጉድጓድ ያላቸው እንስሳት ነቁ። «ይሄ ሁሉ መንገደኛ ለምን ዛፍ ስር ያድራል? እኛ ጋ ይደርና ስራስር ያምጣልን» ተባባሉ።

ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ ያለው ሁሉ አከራይ ሆነ። ሽኮኮ ልጆቿን አንዱን ባንዱ ላይ ደራርባ አከራየች። ጥንቸል ራሱ ቁጥቋጦ ስር እያደረ አከራየ። ጉድጓድ የሌለው ቁራ ደግሞ ደላላ ሆነ። እንግዳውን ከላይ ያያል፣ ወርዶ ያመጣል፣ ከአከራይም ከተከራይም ይበላል።

ፀሐይ በረድ ሲል አከራዮቹ ይሰበሰቡና ጭንቀታቸውን ያወራሉ።

«እኔን የሚያስፈራኝ እንግዳ ሲገባ አይደለም፣ ሲመቸው ነው» ትላለች ሽኮኮ።

«የኔው ትናንት መውጫው ነበር» ይላል ጥንቸል። «ዛሬ ብመጣ ለመኝታው ሳር እያጨደ አገኘሁት።»

«ታዲያ ምን አልከው?»

«ምን እለዋለሁ? በርታ አልኩት።»

ይሳሳቃሉ። ኤሊ ብቻ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች እያላችሁ ስትስቁብኝ አልነበር? አሁን ሳቁ እስቲ» ትላቸዋለች። ልክ ልካቸውን ነግራ አንገቷን ትመልሳለች።

ከሁሉ ሳቅ የማያምርባት ጃርት ነበረች። ባሏ የገበሬ ወጥመድ ውስጥ ቀርቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ጉድጓዷ አዋልዲጌሳ የሚባል አውሬ ቆፍሮ የተወው ጥልቅና ሞቃት ጉድጓድ ነው። በጋውን እሱን ታከራይና ከበላዩ ባለች የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከልጆቿ ጋር ትታጠፋለች። ስንጥቋ ለበጋ አትከፋም። በክረምት ግን ሰማዩን ታሳያለች። የልጆቿ እሾህ ገና እንደ ሳር ለስላሳ ነው፣ ታናሺቱ ደግሞ ትንሽ ሲበርዳት ታስላለች። ስለዚህ ጃርት ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ዝናብ ሳይጥል ወደ ጉድጓዷ መግባት።

ክረምት ሊገባ ሲል ቁራ ክንፉን እያማታ መጣ።

«እሜቴ ጃርት! እንግዳ አመጣሁልሽ። ጨዋ ነው፣ ሁለት ሌሊት አድሮ ሂያጅ ነው።»

«ደመናው አላማረኝም፣ ይቅርብኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ልጆችሽ ደመና ይበላሉ?»

ይሄ ነገር አንጀቷን በላትና እሺ አለች። ከቁራ ኋላ ከርከሮ ብቅ አለ። ጃርት በሯ ላይ ተቀምጣ ነበርና እንደ ወጉ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች።

«ኖር!» አለችው።

«በእግዜር! ምን ሲደረግ፣ ኧረ አትነሺ!» አለ ከርከሮ።

አለና ገባ። ሲገባም እንደ ማንም በፊቱ አልገባም። ዞረና በቂጡ እያፈገፈገ ገባ፣ ጥርሱን ወደ በሩ አድርጎ ተኛ። ጃርት ያኔ ሊገባት ይገባ ነበር። ፊቱን ወደ በር አድርጎ የሚተኛ እንግዳ ቤት ሊጠብቅ እንጂ ሊሄድ አልመጣም።

ሁለቱ ሌሊት አለፈ። ጃርት ሄዳ በሩ ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ጉልበቴን ቆረጠመኝ፣ ዛሬን ልረፍ» አለ ከርከሮ።

በማግስቱም ሄደች። «አክስቴ በዚህ ታልፋለች ብለውኛል፣ ሳላያት ብሄድ ትቀየመኛለች» አላት። ጃርት የሰው ዘመድ መለየት ከበዳትና ተመለሰች። እንዲህ እንዲህ እያለ ከርከሮው ወፈረ፣ ደመናውም ወፈረ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲሰማ ታናሺቱ ሳለች። ጃርት እየሮጠች ወረደች።

«አያ ከርከሮ፣ ይበቃል! ልጆቼን ላስገባ ነው፣ ውጣልኝ።»

«ከየት ነው የምወጣው?» አለ ከርከሮ፣ ተኝቶ እንዳለ። «ራስሽ ኑር አላልሽኝም?»

«ምን?»

«ኑር ብለሽኛል። እኔም እየኖርኩ ነው።»

«ኖር ነው ያልኩህ! ኖር! ብድግ ብዬ፣ ላክብርህ ብዬ!»

«ብድግማ ብለሻል። ቤቱን ስትለቂልኝ ነዋ።»

ጃርት እሪ አለች፣ ጉባኤ ተጠራ።

የጫካው ዳኛ ጉሬዛ ነበር። የተመረጠው ዳኝነት ስለሚችል አይደለም፤ ትከሻው ላይ እንደ ለምድ የተንዠረገገ ነጭ ጸጉር ስላለው ነው። ኑሮው ዛፍ ላይ ነው፣ ጉድጓድ ገብቶ አያውቅም። ዝግባው ላይ ጉብ ብሎ፣ «ምስክር አለ?» አለ።

ቁራ ተነሳ። ከርከሮው በየማለዳው ጀርባውን ሰጥቶት መዥገር ያስለቅመው ነበርና ጥጋብ ይታይበታል።

«ዓይኔ ይፍሰስ! ኑር ነው ያለችው። አፏ ሾል ሲል አይቻለሁ።»

«ኖር ስባልም አፌ ይሾላል!» አለች ጃርት፣ «ስልም» ልትል ከንዴቷ የተነሳ ቃሉ ተምታቶባት።

«ይኸው! ስባልም አለች! ያልተባለችውን ተባልኩ የምትል፣ ያለችውን አላልኩም ብትል ይገርማል?» አለ ከርከሮ። ጉባኤው አጉረመረመ።

ዳኛ ጉሬዛ እጁን አነሳ። «አፍ ሾለ አልሾለ የሚለው ይጣራ። ሁላችሁም ኖር በሉ እስቲ።»

ጉባኤው «ኖር» አለ።

«አሁን ኑር በሉ።»

«ኑር» አለ ጉባኤው።

ትኩስ ሾርባ እንደሚያጠጡት ሁሉ እንስሳው በሙሉ አፉን አሹሎ ኖር፣ ኑር፣ ኖር፣ ኑር ሲል ዋለ። አህያ የምታክል ድኩላ ሳትቀር አሾለች። አንዳንዱ ጨዋታ መስሎት ቤቱ ሄዶም አላቆመም።

ጃርት ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «እናንተ አከራዮች፣ ንገሩልኝ እንጂ! ለእንግዳ ኖር አይባልም? ነገ በናንተ ይደርሳል!»

ሽኮኮ የራሷ ተከራይ ከኋላዋ ቆሞ ስለነበር ሰማይ ሰማይ አየች። ጥንቸል አፉን በሳር ሞላ። አፉ የሞላ ደግሞ አይመሰክርም።

ዳኛው ፍርዱን ሰጠ። «ኖርም ኑርም ቃላቸው ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ በችኮላ አይታይም። ኮሚቴ ይቋቋምና ጉድጓዱን በቦታው ተገኝቶ ያጥና። ቀበሮና ሚዳቋ አባል ናቸው። ቁራ ደግሞ ነገሩን ስለሚያውቀው ሰብሳቢ ይሁን።»

ኮሚቴው ጉድጓዱ በር ላይ ሲደርስ ዝናቡ ጀመረ። «ውጭ ሆነን ምን እናጠናለን?» ብለው ገቡ። ውስጡ ደረቅ ነው፣ ሙቀቱ ያስተኛል።

በማግስቱ ጃርት ውሃ እያንጠፈጠፈች መጣች። «አያችሁት?»

«እያየነው ነው» አለ ቀበሮ እያዛጋ።

በሌላው ቀን መጣች። «አልጨረሳችሁም?»

«እሜቴ፣ ይሄ ጥልቀት ያለው ጥናት ይፈልጋል» አላት ቁራ። እውነቱን ነው፤ ጥልቅ ጥልቁን መርጠው ተኝተውበታል።

ጃርት የዚያን ቀን ወደ ስንጥቋ ስትመለስ ታናሺቱ እየተንቀጠቀጠች ነበር።

«እማ፣ መቼ ነው ቤታችን የምንገባው?» አለች።

ጃርት ከዚያ ወዲያ ወደ ኮሚቴው አልሄደችም። ጭቃ በአፏ እያመላለሰች፣ ሳርና ቅጠል እየለቀመች ስንጥቋን ከላይ ትደፍን ጀመር። ኤሊ እያዘገመች መጣችና ጭቃውን በሆዷ ደለደለችላት። ጠባብ ናት፣ ሲተኙባት እግር አያስዘረጋም። ግን ውሃ ማስገባት አቆመች። የታናሺቱም ሳል ቀለል አለ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከጉድጓዱ በላይ የጎርፉን ውሃ ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ነበር። ጃርት በየክረምቱ ቅጠሉንና ደለሉን ትጠርገዋለች። የዚያን ዓመት የጠረገው የለም። አንድ ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲወርድ ቦዩ ተደፈነ፣ ውሃው ወደ ጉድጓዱ ዞረ።

«ሚዳቋ፣ ውጣና ቦዩን ጥረግ!» አለ ከርከሮ፣ ቂጡ ሲርስበት።

«እኔ ኮሚቴ ነኝ፣ ቦይ በሥራዬ ውስጥ አልተጻፈም።»

«ቀበሮ፣ አንተስ?»

«እኔ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ቦይ ጠርጎ ያውቃል?»

«አንተ ራስህ ጥረጋ!» አለው ቁራ። «ባለቤቱ እኔ ነኝ ስትል አልነበረም?»

«ለመተኛት ነው እንጂ ባለቤት፣ ለቦይማ ተከራይ ነኝ!»

እንግዲህ ሰዎች፣ ቤቱ ሲሞቅ ሁሉም ባለቤት፣ ቦዩ ሲደፈን ሁሉም እንግዳ ሆነ። ውሃው ሆዳቸው ሲደርስ ከርከሮ አንገቱን አውጥቶ ወደ ላይ ጮኸ።

«እሜቴ ጃርት! ኧረ ነይ፣ ቤትሽ እኮ ነው! ቤትሽ ሊሄድብሽ ነው!»

«እማ፣ ሰማሽ? ቤታችን ነው አለ!» አለች ታናሺቱ።

ጃርት ሰማች። ከክረምት መግቢያ ጀምሮ ቤትሽ ያላት የለም፣ ዛሬ ተባለች። ብትወርድ ቤቱን ታድነዋለች። ያዳነችው ቤት ውስጥ ግን ማን እንደሚተኛ ታውቃለች። ልጇን አየች፣ ዶፉን አየች፣ የተደፈነውን ቦይ አየች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ጉባኤው ይጥረገው» አለችና ቁጭ አለች።

ጉባኤው ለመፍረድ የክረምቱን እኩሌታ ፈጅቶ ነበር። ጎርፉ ግን ሳይከራከር፣ አፉንም ሳያሾል ጉድጓዱን ወሰደው። አፈሩ ተደረመሰ። ቁራ በረረ። ቀበሮና ሚዳቋ በጭቃ ተለውሰው ጫካ ገቡ። ዳኛ ጉሬዛ ከዝግባው ላይ ሆኖ፣ «ጉድጓዱ ስለሌለ ክርክሩ ተዘግቷል» ብሎ ፈረደ።

ከርከሮው እየነፈረቀ ወደ ድንጋዩ ስንጥቅ ወጣ። ደረቅ ነው። ሳር ተነጥፎበታል። ጃርት ከልጆቿ ጋር በር በሩን ተቀምጣለች።

«እሜቴ፣ ለዛሬ ብቻ!» አለ። «ለአንድ ሌሊት!»

ጃርት ዝም አለች። ዝምታ እሺታ መሰለው። እንደ ልማዱ ዞረና ጥርሱን ወደ ውጭ፣ ቂጡን ወደ ቤት አድርጎ ማፈግፈግ ጀመረ። ሁለት እርምጃ እንኳ በቅጡ ሳይሄድ ጫካው እስኪሰማ ጮኸ። ዘሎ ወደ ዝናቡ ወጣ፣ ከኋላው እሾህ እንደ ጭራሮ ቆሞበታል።

«ምነው እሜቴ!» አለ እያለቀሰ። «እንግዳ አይደለሁ? ለኔ ሲሆን ኖር አይባልም?»

«እኔማ ከመቀመጫዬ አልነሳም» አለች ጃርት። «ለአንተ የተነሳልህ እሾሄ ነው።»