ደምለው ሥዩመ ቆጥ አራሷን ሽኮኮ በክብር ያስወጡበት ዜና

ንጉሥ ባሕር ማዶ፣ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ በነበሩበት በዘመነ ማርቆስ፣ ደምለው ሥዩመ ቆጥ፣ ዐቃቤ ዘር፣ መዋዔ ሽኮኮ፣ ከአምበር ማዶ ባለችው የሣር ቤታቸው ጎጆ ወጥተው በነገሡ በሰባተኛው ዓመት፣ በወርኃ ግንቦት የሆነውን እነሆ እንጽፋለን። ጸሐፊው እኔ ደብተራ ወልደ ሩፋኤል ነኝ። የነገሥታትን ዜና እጽፋለሁ ብዬ ብራና ፍቄ፣ ቀለም በጥብጬ ስጠብቅ የሚጻፍለት ጠፋ፤ ቀለሙ ሊደርቅ ሆነ፤ ስለዚህ ጎረቤቴን ጻፍሁ። እርሳቸውም ከብዙ ነገሥታት አያንሱም፤ ጎመን በበሰለ ቁጥር ይጠሩኛል።

በዚያ ዘመን ጣሊያን የጎተራውን እህል ጠራርጎ ወስዶ ነበርና፣ ለደምለው ቤት የቀረው ከቆጥ ላይ የተንጠለጠለው የዘር በቆሎ ብቻ ነበር። ከዚያ እንዳይወርድ ከታች አይጥና ነቀዝ፣ ከደጅ የጣሊያን ባንዳ ይጠብቀዋል፤ ካልተዘራም የሚመጣው ዓመት ረኃብ ነው። ወእምዝ አንዲት ጅራተ ጎፈሬ ሽኮኮ የሣሩን ክዳን ሸንቁራ ገብታ፣ ከዘሩ መካከል ወልዳ፣ የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ በቆሎውን ትፈለፍል ጀመር። ድመቷ አንድ ጊዜ ዘመተችባት፤ አፍንጫዋን ተነክሳ ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ ከምድጃው ዳር አልተነሣችም።

ያን ጊዜ የደምለው አማት እመት እቴናት፣ አራስ ልጃቸውን ሊጠብቁ ከደብረ ኤልያስ የመጡት፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይህች ቀበጥ ዛሬውኑ ትገደል። ዘሩ ካለቀ የልጅ ልጄን በሽኮኮ ጅራት አላሳድገውም።» የደምለው ባለቤት ወይዘሮ የብርጓል ግን፣ ወንድ ልጅ ወልደው ገና ክርስትና ሳያስነሡ ከመደብ ላይ ነበሩና፣ ከመጋረጃው ውስጥ ሆነው መልሰው አወጁ፦ «ከቤቴ አራስ አትገደልም። እሷም እናት፣ እኔም እናት። ጭስ ያጨሰባት ልጄን አጨሰው። እጁን ያነሣባት ገንፎዬን አይቀምስም።» ጥይት እንዳይተኮስም የጣሊያን ምሽግ ከኮረብታው ላይ ጆሮውን አቁሞ ተቀምጧል። ደምለው በሁለቱ አዋጅ መካከል ቆሙ።

በመጨረሻም በሕግ ማስወጣት ይሻላል ብለው፣ የሊጡን ገበቴ ገልብጠው እንደ ነጋሪት እየጎሰሙ አወጁ፦ «ስሚ፣ ያልሰማሽ ስሚ። ከቆጤ ላይ የሰፈርሽ ሽኮኮ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ። በገባሽበት ቀዳዳ ውጪ፤ የሚነካሽ የለም።» ሽኮኮይቱ መፈልፈሏን እንኳ አላቋረጠችም። ሕፃኑ ግን ባንኖ እሪ አለ፤ እመት እቴናትም «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲሉ በአማቻቸው ላይ አወጁ።

የገበቴው ድምፅ ግን ከገደል ገደል ተቀባብሎት ሩቅ ሄዶ ነበር፤ አገሩም ጥሪ ሲጠብቅ የከረመ ነውና ክተት የታወጀ መሰለው። መጡም፤ አበረ ንብ አርቢው በጦር፣ ፈንታ ጥይት በሌለው ጠመንጃ፣ ቄስ ገብረ ኪዳን በመቋሚያቸው፣ ማዶ ለማዶ ያለው ጎልማሳ ሁሉ በጎራዴና በገጀራ፣ ሴቶቹም ስንቁን በአገልግል ይዘው ግቢውን ሞሉት። ጠላቱ የት እንዳለ ቢጠየቁ ደምለው አንገታቸውን ሰብረው ወደ ቆጡ አመለከቱ። ሽኮኮይቱም አንገቷን አውጥታ ሠራዊቱን ጎበኘች። ጣሊያን ከገባ ወዲህ በዚያ አገር እንዲያ ተስቆ አያውቅም። እኔም ታሪክ ጸሐፊ አይስቅም ብዬ ብዕሬን ነከስሁ፤ አልሆነልኝም፤ ደስታዬ ልክ አጣ።

ሲረጋጋ አበረ ንብ አርቢው እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ንብ በጠረን እንጂ በዱላ ቀፎ አትገባም። ሽኮኮም ያው ናት።» አሮጌ ቀፎውን አምጥቶ፣ ለስላሳ ሣር ጎዝጉዞ፣ ከግቢው ዋንዛ ላይ ሰቀለው፤ ከቀዳዳው እስከ ዛፉም ገመድ ወጠረ። ወይዘሮ የብርጓል ከራሳቸው የአራስ ገንፎ ቅቤ የጠጣውን ቆርሰው ለቀፎው ላኩ። ሠራዊቱም ጦሩን አጋድሞ ተቀመጠ። ሽኮኮይቱ አሸተተች፤ በገመዱ ሄደች፤ ቀመሰች፤ ተመለሰች፤ ልጇን በአንገቱ ነክሳ ተሻገረች። ይህን ጊዜ ቄስ ገብረ ኪዳን አራስ ስታልፍ አይቀመጥም ብለው በመቋሚያቸው ተነሡ፤ ሠራዊቱም ሁሉ ተነሣ። የመጨረሻው ልጅ ሲሻገር ደምለው ቀዳዳውን በሣርና በጭቃ ደፈኑት፤ ሴቶቹም እንደ ወግ እልል አሉ። ዘሩም ተረፈ።

ጣሊያን ግን ነጋሪት የመሰለውን ሰምቶ፣ ጦር የያዘ ሰው ወደ አንድ ግቢ ሲጎርፍ በመነጽር አይቶ፣ እልልታውም በተጨመረበት ጊዜ የምሽጉን በር በድንጋይ ደፍኖ እስከ ሰኔ አልወጣም፤ አገሩም ሁሉ ያለ ባንዳ በሰላም ዘራ። ይህ የሽኮኮ ጉዳይ ስላልሆነ በዚህ ታሪክ አንዘገይበትም።

በቆሎው ከተዘራ በኋላ ሽኮኮይቱ ከዋንዛው ወርዳ ከዳር ካለው ትልም ዘር ስትቆፍር ተገኘች። እመት እቴናት ዱላ ሲፈልጉ፣ ደምለው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦ «የዳሩ ትልም ለእሷና ለልጅ ልጆቿ ርስት ይሁን፤ ውጪ ብንላት ወጥታለችና ጎረቤት ናት። ከኮረብታው ላይ ያለው ግን ውጣ ቢሉት አልወጣምና ትልም የለውም። እርሱን ገበቴው ይጠብቀዋል።»

እንግዲህ የደምለው ሥዩመ ቆጥ ስም፣ ደም ሳያፈሱ የረቱት፣ ዘሩንም አራሷንም ያዳኑት፣ በአማታቸው ፊት ሳይቀር የከበሩት፣ በቆሎ በምድር እስከበቀለ ድረስ ይጠራ። ገበቴው ተወልውሎ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ ማንም ሊጥ እንዳያቦካበት ተከልክሏል። እኔም ገበቴው በኮረብታው ላይ ላለው ዳግም ለሚጎሰምበት ለዚያ ቀን ብዬ ጥቂት ቀለም አስቀርቻለሁ።