ቀዩ ድምፅ

(እሑድ ረፋድ ላይ፣ የጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር ሳሎን። መምህሩ በወጣትነቱ ከመዘምራን ኋላ ረድፍ ላይ ቆሞ ሁለት ዓመት ዘምሯል፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ሙዚቃ አስተያየት ሳይሰጥ የዋለበት ቀን የለም። የሚስቱ ታናሽ ወንድም፣ ግንበኛው፣ ጊታር ታቅፎ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ጠቅልሎ ያመጣው ሥዕል ቴሌቪዥኑን ተደግፎ ቆሟል። ሚስትየዋ ገበያ ወጥታለች። ሁለቱ ወንዶች መከራከር ከጀመሩ ሩብ ሰዓት ሆኗቸዋል፤ ጊታሩ ግን እስካሁን አልተነካም።)

መምህሩ፦ ገንቢ አስተያየት ልስጥህ አልኩህ እንጂ የግንበኛ አስተያየት መች አልኩህ?

ግንበኛው፦ እኔማ ገንቢ ሲሉኝ የሥራ ባልደረባዬን የሚያመጡልኝ መስሎኝ ነው።

መምህሩ፦ ቆይ ላስረዳህ። ገንቢ አስተያየት ማለት የማያፈርስ አስተያየት ነው።

ግንበኛው፦ እኛ ጋ ግን ጠማማ ግድግዳ መጀመሪያ ይፈርሳል።

መምህሩ፦ እዚህ መጀመሪያ ይሞገሳል። የሚፈርሰው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ ተብሎ ነው።

ግንበኛው፦ ገባኝ። ምሳ ጋብዞ ከሥራ እንደ ማባረር።

መምህሩ፦ አልገባህም፤ ግን ይሁን። ይልቅ ይህ ክበባችሁ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ንገረኝ።

ግንበኛው፦ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው የምንሰበሰበው። ግማሾቹ ሥዕል ይሥላሉ፤ እኛ ደግሞ ሥዕሉን እያየን ዜማ እንሠራለን። ሁላችንም ጀማሪ ነን። ቅዳሜ ሰው ጠርተን እናቀርባለን። ባዕድ ፊት ከምዋረድ ቤተሰብ ፊት አስቀድሜ ልዋረድ ብዬ ነው የመጣሁት።

መምህሩ፦ ደግ አደረግህ። ሥዕሉን...

ግንበኛው፦ ሥዕሉን የሣለችው...

መምህሩ፦ አትንገረኝ። ማን እንደሣለው እኔ ከአሣሣሉ አውቀዋለሁ።

(ግንበኛው ሣቀ። ለምን እንደሣቀ መምህሩ አልጠየቀም፤ መጠየቅ ልማዱ አይደለም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ሥዕሉ ፊት ቆመ። ሸራውን ሊሞላ ምንም ያልቀረው ሰፊ ቀይ ቀለም አለ። ታች ጥግ ላይ መዳፍ የማታህል ሰማያዊ አለች። በመካከላቸው ሁለት ስኒ የተቀመጠበት ጠረጴዛ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል።)

መምህሩ፦ ይህ በረሃ ነው።

ግንበኛው፦ በረሃ?

መምህሩ፦ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያስተማርኩት ነገር እንዴት ይጠፋኛል? ቀዩ በረሃ፣ ነጩ የጨው ሜዳ፣ ሰማያዊዋ ደግሞ ልትደርቅ የተቃረበች ኩሬ።

ግንበኛው፦ ስኒዎቹስ?

መምህሩ፦ ድንጋይ ናቸው። በል ተጫወት።

(ግንበኛው ተጫወተ። ሲሚንቶ ያሻከራቸው ጣቶቹ ወፍራሙን ክር ያለ ዕረፍት ይመቱታል። ቀጭኑ ክር አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ሁለት ድምፅ እንዳሰማ ወፍራሙ ይደፍቀዋል። መጨረሻው ላይ ቀጭኑ ለብቻው አንዴ ጠቅ ብሎ ቀረ።)

ግንበኛው፦ ይኸው ነው። እኔ መቼም ጊታሩን ስይዘው ከአካፋ ጋር ይምታታብኛል።

መምህሩ፦ በሙገሳ እንጀምር። አያያዝህ ጥሩ ነው።

ግንበኛው፦ የጊታሩ?

መምህሩ፦ የፊትህ። የሚችል ሰው ትመስላለህ። አሁን ወደ ዜማው እንምጣ። በሁለቱ ድምፆች መካከል ክፍተት አለ።

ግንበኛው፦ (ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ በሲሚንቶው ወረቀት ላይ እየጻፈ) ክፍተት። በምን ልድፈነው?

መምህሩ፦ አይደፈንም። ክፍተት የሙዚቃ ቃል ነው።

ግንበኛው፦ ሠዓሊዋም ክፍተቱ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል ብላለች።

መምህሩ፦ አየህ? የቆየ ሥዕል መሆኑን ከቀለሙ አውቄዋለሁ።

ግንበኛው፦ የደረቀው እኮ ባለፈው ሳምንት ነው።

መምህሩ፦ የቆየ አሣሣል ማለቴ ነው። አታቋርጠኝ። ያ ወፍራም ድምፅ ማን ነው?

ግንበኛው፦ (እየተጠራጠረ) ቀዩ ነዋ።

መምህሩ፦ እሱ ነው ዜማህን የገደለው። አንዱን ነገር ሦስቴ ይላል፤ ከዚያ እንዳልተባለ አድርጎ እንደገና ይጀምራል። ጆሮ ይበላል። ከእንዲህ ያለ ድምፅ ጋር ሦስት ደቂቃ የሚቆይ ጤነኛ ሰው የለም።

ግንበኛው፦ ጋሼ፣ ይህን በራስዎ አፍ ይናገሩታል?

መምህሩ፦ በማን አፍ ልናገረው ታዲያ?

ግንበኛው፦ ቆራጥ ሰው ነዎት። እውነቴን ነው፤ እንዲህ ይላሉ ብዬ አልጠበቅሁም።

መምህሩ፦ (ደስ ብሎት) እኔ እውነት ስናገር ሰው አላይም። ጻፍ፦ ቀዩ አሰልቺ ነው፤ ግማሹ ይቆረጥ።

ግንበኛው፦ ግማሹ... ይቆረጥ። ሰማያዊዋስ?

መምህሩ፦ እሷ ታሳዝናለች። ቆይ ላስረዳህ። እንዲህ ያለ በረሃ ጥግ ያለች ኩሬ አትቆይም። በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ ትተናለች። አንድ ቀን ጭራሽ የለችም። የሚገርምህ፣ በረሃው መሄዷን አያውቅም። ቢያውቅም ከወር በኋላ ነው።

(ግንበኛው መጻፉን ተወ። ጊታሩን ቀስ ብሎ ሶፋው ላይ አስተኛው።)

ግንበኛው፦ ጋሼ፣ እሄዳለሁ ብላዎታለች እንዴ?

መምህሩ፦ ማን?

ግንበኛው፦ እትዬ ናታ።

መምህሩ፦ ሚስቴን እዚህ ምን አመጣት?

ግንበኛው፦ ሥዕሉ የእሷ አይደለም እንዴ?

መምህሩ፦ የእሷ ስትል... የገዛችው?

ግንበኛው፦ የሣለችው።

መምህሩ፦ እሷ ሐሙስ ሐሙስ የምትሄደው ስፌት ልትማር ነው።

ግንበኛው፦ ስፌቱን ከተወችው ዓመት አለፈው። ሥዕሉን ይዤ የመጣሁት እኮ ዛሬ ቁርስ ላይ ሁሉንም ነግሬዋለሁ ስላለችኝ ነው።

(መምህሩ ቁርሱን ለማስታወስ ሞከረ። ነፋስ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚነፍስ ያስረዳው አንድም ቃል አልጠፋበትም። በመሀል እሷ አንድ ነገር ጀምራ ነበር። ምን እንደነበረ ግን ቢል፣ ቢል አልመጣለትም። ግንበኛው ሥዕሉን ገልብጦ ጀርባውን አሳየው። በእርሳስ፣ በሚስቱ እጅ ጽሑፍ «ባለቤቴ ሲያስረዳኝ» ይላል።)

መምህሩ፦ እና ቀዩ...

ግንበኛው፦ እኔ እኮ ያወቁ መስሎኝ ነው። ሰው በራሱ ላይ ይህን ያህል ሲጨክን አላየሁም፤ ትልቅ ሰው ናቸው እያልኩ ነበር።

መምህሩ፦ ያ ሦስት ጊዜ የሚደጋገመው ነገርስ?

ግንበኛው፦ «ቆይ ላስረዳሽ» ነው። በር ላይ ቆሜ ነው የቀዳሁት።

(መምህሩ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ሣቀ፤ ሣቁ ግን ሩቅ አልሄደም።)

መምህሩ፦ ልጆች ካርታ ላይ ያሉበትን ቦታ እንዲያገኙ ሳስተምር ዕድሜዬን ጨረስኩ። እኔ ራሴን ቤቴ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ተደግፌ ሳገኘው በረሃ ነው አልኩ።

ግንበኛው፦ በረሃም ቢሆኑ ሰፊ ነዎት ጋሼ።

መምህሩ፦ ያን ትተናለች ያልኩትን ሰርዘው።

ግንበኛው፦ አልጻፍኩትም። እጄ እምቢ አለኝ።

መምህሩ፦ ጥሩ። አሁን ስትመጣ ምን ልበላት?

ግንበኛው፦ እኔን ይጠይቁኛል? እኔ ገንቢና ግንበኛ የማልለይ ሰው ነኝ።

መምህሩ፦ እኔ ደግሞ ሚስቴንና ኩሬን። ንገረኝ።

ግንበኛው፦ እንግዲህ... ይጠይቋት። ከዚያ መልሱን እርስዎ አይመልሱት።

(በሩ ተከፈተ። ሚስትየዋ ሁለት ዘንቢል ይዛ ገባች፤ ወንድሟንም፣ ጊታሩንም፣ ጀርባውን የሰጣትን ሥዕልም አየች። መምህሩ ብድግ ብሎ ዘንቢሎቹን ተቀበላት። ይህም ራሱ አስደነገጣት።)

መምህሩ፦ ሥዕልሽን አየሁት። ምን ማለትሽ እንደሆነ ንገሪኝ።

(ሚስትየዋ ጥያቄውን ራሱ እስኪመልሰው ጠበቀች። አልመለሰውም። ግንባሩን በመዳፏ ነካችው።)

ሚስትየዋ፦ ትኩሳት የለህም።

መምህሩ፦ ደህና ነኝ። ቀዩ እኔ መሆኔን አውቄያለሁ። አልተቀየምኩም።

ሚስትየዋ፦ ቀዩ አንተ ነህ ያለህ ማን ነው?

(መምህሩ ወደ ግንበኛው ዞረ። ግንበኛው የጊታሩን ክሮች ይቆጥር ጀመር።)

ሚስትየዋ፦ ቀዩ እኔ ነኝ። አንተ ስታስረዳኝ ውስጤ እንዲህ ነው የሚሆነው። አንተማ ሰማያዊዋ ነህ፤ ጥግህን ይዘህ፣ ቀዝቅዘህ፣ ምንም ሳይሰማህ።

ግንበኛው፦ እትዬ፣ ወፍራሙን ክር እኮ ለእሳቸው ነው የሰጠሁት። እሳቸውም ቁረጠው ብለውኛል።

ሚስትየዋ፦ አዲስ ነገር አይደለም። ሲቆርጠው ነው የኖረው።

ግንበኛው፦ እና ዜማዬ ከመሠረቱ ተገልብጦ ነዋ የተሠራው። ለቅዳሜ ስድስት ቀን ነው የቀረኝ።

ሚስትየዋ፦ አፍርሰህ ሥራዋ፤ ሥራህ አይደል?

(መምህሩ ስለ ቀለማት ባሕርይ የሚያውቀው ብዙ ነገር ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አፉን ከፈተ። ዘጋው። ዘንቢሎቹን መሬት አስቀመጠ።)

መምህሩ፦ ልትይኝ ስትጀምሪ ያቋረጥኩሽ ነገር ካለ፣ አሁን ልስማሽ።

(ሚስትየዋ ሥዕሉን ፊቱን አዙራ አቆመችው። ወንበር ስባ ከፊት ለፊቷ አደረገችለት።)

ሚስትየዋ፦ ተቀመጥ።

መምህሩ፦ ብዙ ነው?

ሚስትየዋ፦ ቀዩን አላየኸውም እንዴ?