የሟቾች ሁሉ አንድ ፋይል

ኮምፒውተር ከሰው የሚሻልበት አንድ ጠባይ አለው። ልትለዩት ስትሉ ይጠይቃችኋል። «የጻፍከው ይቀመጥ?» ይላል። አዎ ብትሉት ያስቀምጣል፣ አይ ብትሉት ይጥላል፣ ተወው ካላችሁትም ቅር ሳይለው አብሯችሁ ይቆያል። ሰው ግን ሳይጠይቅ ይሄዳል። ከእሱ ምኑን ማስቀመጥ እንደነበረባችሁ የሚገባችሁ ከቀብር መልስ ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ ብቻዬን እኖራለሁ። አንድ ክፍል፣ ሁለት ወንበር። ሁለተኛው ልብስ ይቀመጥበታል። የምጽፈውም እንደ ኑሮዬ ነው፤ ቁርጥራጭ። ባለፈው ሳምንት አባቴ ከሞተ ዓመት ሞላውና በቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪኩን ላነብ ፈለግሁ። የለም።

እንዴት ይጠፋል ትሉኝ ይሆናል። አባቴ የሞተው ኮምቦልቻ ነው። በቀብሩ ጠዋት አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል፣ መቃብሩ ላይ የሚነበበው ወረቀት እንዳልተጻፈ ታወቀ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ ጸሐፊው ልጅ እኔ ነኝ። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ሮጬ ሰዓዳ የምትባል ሴት የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ቆሜ ተናገርኩ፣ እሷ ጻፈች፣ አንድ ቅጂ አተመች፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ መቃብሩ አጠገብ አነበቡት። ወረቀቱ ከዚያ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም። ትዝ የምትለኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናት፦ «እንግዳ ሸኝቶ፣ መንገዱን እያየ የሚቆም ሰው ነበር።» ዓመቱን ሙሉ በእሷ ኖሬአለሁ። በዕድሜዬ ስለ አባቴ ጥሩ ነገር የተናገርኩት ያን ጠዋት ብቻ ነው። የቀረውን ማግኘት ነበረብኝ።

ወደ ኮምቦልቻ የሚሄደው ሚኒባስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ቆላው ሲሞቀኝ ሹራቤን አወለቅሁ። ሰዓዳ መጀመሪያ አላወቀችኝም። የአባቴን ስም ስነግራት «ነፍስ ይማር» አለች። «አብሽር፣ ይገኛል።»

በስሙ ፈለገች። የለም። የተጣሉ ፋይሎች ያሉበትን ቅርጫት ገለበጠች፤ የሰርግ ጥሪ፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የሰርግ ጥሪ። ሳይቀመጡ የተዘጉ ጽሑፎች የሚገኙበትን ቦታ እኔ አሳየኋት፤ ባዶ። በመጨረሻ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«ወንድሜ፣ ወላሂ አልዋሽህም። የቀብር ፋይል ያለኝ አንድ ነው። የፊተኛውን እከፍታለሁ፣ ስሙን እቀይራለሁ፣ የማይሆነውን እሰርዛለሁ፣ አትማለሁ። አስከሬን ያስቀመጠ ሰው መች ይታገሠኛል?»

«ስትዘጊው ይቀመጥ ወይ ብሎ አይጠይቅሽም?»

«ይጠይቃል። አዎ እለዋለሁ።»

አዎ ባለች ቁጥር አንዱ ሟች በሌላው ላይ ይተኛል ማለት ነው። ፋይሉን ከፈተችው። የአሁኑ ባለቤት የሐርቡ ሰው ናቸው፤ ነጋዴ፣ የስምንት ልጆች አባት። እያነበብኩ ወደ ታች ወረድኩ። መሃል ላይ ስደርስ ያቺው ዓረፍተ ነገር ብቅ አለች፦ እንግዳ ሸኝቶ፣ መንገዱን እያየ የሚቆም ሰው ነበር።

«ይቺ የኔ ናት! የአባቴ ናት!»

«እሷ?» ሰዓዳ ፈገግ አለች። «እሷማ አንተ ስትመጣም ነበረች። የኩታበር ሰዎች ያመጧት ይመስለኛል። ሳነብልህ ይቺስ ትቆይ አልክ። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ የሰረዛት የለም።»

  ዓመቱን ሙሉ መንገድ ዳር ቆሞ ሲያየኝ የነበረው አባት የሌላ ሰው አባት ኖሯል። የኔውማ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ሳይነሣ በሩን ይዘጋ ነበር። እንኳን ሊሸኘኝ፣ ደህና ሁን ማለትም ይከብደው ነበር።

ሰዓዳ አየት አደረገችኝ። ወንበር ሳበችልኝ፣ ከዚያ ባዶ ገጽ ከፈተች። «በል ተቀመጥና ንገረኝ። ዛሬ የሚያስቸኩል አስከሬን የለም።»

ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዲህ አልኳት፦ «አባቴ ሸኝቶኝ አያውቅም። ደሴ ስደርስ ግን ይደውላል። ገባህ? ይላል። ገባሁ ስለው ይዘጋዋል።»

ጻፈችው። «ከዚያስ?»

«ይኸው ነው።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው። ሁለተኛም አነበበችው፤ አሁን ለራሷ ነው። በጣቷ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አደረገችና አፍራ ሳቀች።

«ወላሂ ይቺንስ ሰው ሁሉ ይፈልጋታል» አለች።

«ስጫቸው» አልኳት።