ወይን ጠጅ የለበሰው በቆሎ

(ሲያያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፣ የሉኦዎች አገር። የሁለት ወንድማማቾች ማሳ፣ መካከሉ አጥር። በወዲህ ቁርጭምጭሚት የማያልፍ ወይን ጠጅ ቀለም በቆሎ፣ በወዲያ ጉልበት የደረሰ አረንጓዴ። ታላቅየው ኦጉቱ ዶማ ይዟል፤ ታናሽየው ኦሞሎ አጥሩን ተደግፏል።)

ኦጉቱ፦ ንቀል አልኩህ፣ ንቀል!

ኦሞሎ፦ ልጆቼ ምን ይብሉ ጋሼ? ዝናቡ እኮ ሊያበቃ ነው።

ኦጉቱ፦ እኛ ሉኦዎች ዘንድ ታላቅ ሳይዘራ ታናሽ አይዘራም። ያንተ ጉልበት ደርሷል፣ የኔ ገና መሬት ላይ ነው። ቀድመኸኛል!

ኦሞሎ፦ ያንተስ ለምን ወይን ጠጅ ሆነ?

ኦጉቱ፦ ምርጥ ዘር ነዋ! ሦስት ቀን የሠለጠንኩት በከንቱ መሰለህ? ይኸው መጽሐፉ፣ ሥዕሉን እይ። ቁርጥ የኔ በቆሎ!

ኦሞሎ፦ ከሥሩ የተጻፈውስ?

ኦጉቱ፦ እሱ ጋ ስንደርስ ምሳ ቀረበ።

ኦሞሎ፦ (በጣቱ እየተከተለ ያነባል) «ፎስፈረስ ያጣ በቆሎ።» ፎስፈረስ ማነው? ዘመዱ ነው?

ኦጉቱ፦ ምግቡ ነው አንተ ቂል! አፈር ውስጥ ያለ... (ዘወር ብሎ በቆሎውን ያያል)

ኦሞሎ፦ ርቦታል ማለት ነው?

ኦጉቱ፦ አፈራችን አንድ አይደለም እንዴ! ያንተን ለምን አልራበውም?

ኦሞሎ፦ (ከየማሳው አንድ አንድ ነቅሎ) የኔን ሥር እየው፣ የሽማግሌ ጢም። ምግቡን ሲፈልግ የት የት ደርሷል! ያንተ ሦስት ክር ናት። ማዳበሪያ እየቀረበለት ያደገ ዘር ነው፤ አሁንም ምሳ ይጠብቃል።

ኦጉቱ፦ ሥልጠናውን አትንካ! ይሄን ዘር ከየት አመጣኸው?

ኦሞሎ፦ የእናታችን ነው። ምርጥ ዘሩን ያመጣህ ቀን «ይሄ ለዶሮ ነው» ብለህ ቅርጫቱን ሙሉ በአጥሩ ላይ ወደ እኔ ማሳ የበተንከው።

ኦጉቱ፦ አሃ! ለቅመህ ዘራኸው፣ እኔ ሳልዘራ!

ኦሞሎ፦ ማንም አልለቀመም። ማሳዬን አርሼ ያንተን መዝራት ስጠብቅ ዘሩ እላዩ ላይ ወረደ። በእግሬ አፈር አለበስኩት።

ኦጉቱ፦ ታዲያ ይሄ መዝራት አይደለም?

ኦሞሎ፦ ከዶሮ መደበቅ ነው። የበተንክ አንተ፣ ያዘነበ እግዚአብሔር። ዘሪው አንተ ነህ ጋሼ። ታላቅ የዘራውን ታናሽ ይነቅላል?

ኦጉቱ፦ (ዶማውን ቀስ ብሎ ያስቀምጣል) አይነቅልም።

ኦሞሎ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጆቼን መገብክ።

ኦጉቱ፦ (ጉሮሮውን ጠርጎ) ኦሞሎ... ሲደርስ ለዘር ትሰጠኛለህ?

ኦሞሎ፦ ምን ችግር አለ! ማሳህን አርሰህ ጠብቅ፤ በአጥሩ ላይ እበትንልሃለሁ።

ኦጉቱ፦ ታናሽ ቀድሞ ሊዘራ?

ኦሞሎ፦ ኧረ በስመ አብ! ለዶሮዎችህ ነው እንጂ።