ክቡር አባ «ደህና ናቸው»

በየቤተሰቡ ስለራሱ አንዲት ነገር መናገር የማይሆንለት አባት አለ። አፍ አጥቶ አይደለም፤ ስለ ሌላው ከሆነ የሚቀድመው የለም። «እንዴት ነህ?» ስትሉት ግን ዞር ብሎ ከኋላው የቆመ ሰው ይፈልጋል። ካላመናችሁኝ ዛሬ ማታ አባታችሁን ጠይቁት። የምታገኙት መልስ ስለ እናታችሁ ጉልበት፣ ስለ ታናሽ ወንድማችሁ ፈተና ወይም ስለሚያፈሰው ጣሪያ ነው።

እኔ የደረሰኝ ከሁሉም የባሰው ነው። የባለቤቴ አባት ናቸው፤ ባለፈው ወር ቀበርናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እኛ አማቾቻቸው፣ እሳቸው በሌሉበት፣ «ክቡር አባ ደህና ናቸው» እንላቸው ነበር፤ ማንም ሰው «እንዴት ነዎት?» ቢላቸው መልሳቸው «ልጆቹ ደህና ናቸው» ነውና። ጠያቂው ልጅ ይኑራቸው አይኑራቸው የማያውቅ ቆጣሪ አንባቢ ቢሆንም ያው ነው።

ስለ ደግ ሰው መጻፍ ያደክማል። አብሮ መኖር ደግሞ ይብሳል።

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። ክቡርነታቸው ለራሳቸው ቆርሰው ስለማያውቁ ተረቱ እሳቸው ላይ አልተሞከረም። የሚለብሱት ከደንበኛ ልብስ ከተረፈ ቁርጥራጭ የሰፉትን ኮት ነበር፤ ፊቱ ጥቁር፣ ጀርባው ቡናማ፣ አንዱ እጅጌው የተማሪ ዩኒፎርም ሰማያዊ። ሲመጡ የምታዩዋቸውና ሲሄዱ የምታዩዋቸው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ይመስሉ ነበር። ልጆቻቸው አዲስ ጫማ ገዙላቸው። አንዴ ሞከሩትና «ጠበበኝ» አሉ፤ በሳምንቱ ትንሹ ልጃቸው እግር ላይ ተገኘ። በቁጥር ከፍ ያለ ሌላ ተገዛላቸው። «ሰፋኝ» አሉ። እሱን የማደርገው እኔ ነኝ፤ አልዋሽም፣ ልክክ ነው ያለው።

ስልክ ላይማ አይነሳ። ባለቤቴ ትደውላለች። የልጅ ልጆቻቸውን ጥርስ፣ ትምህርትና ጉንፋን በየተራ ይጠይቃሉ። «አንተስ አባባ?» ስትላቸው «ቆይ፣ እናትሽን ላቅርብልሽ» ይሉና ስልኩን ያስረክባሉ። አማቴ ገላቸውን እየታጠቡም ቢሆን፣ ጎረቤት ሄደውም ቢሆን ስልኩ ያሉበት ድረስ ይሄድላቸዋል።

የልጅ ልጆቻቸውን ሲያቅፉ እጃቸው ሳያውቁት ትከሻና ወገብ ይለካል። «ይቺ ልጅ ከስታለች፤ ምን አግኝቷት ነው?» ይላሉ። ሁለት ጣት የማትሞላ ጥበት አታመልጣቸውም። በራሳቸው ቀበቶ ላይ ግን በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሱ፣ ደግመው ሲበሱ ምንም አልመሰላቸውም። ያየችው ባለቤቴ ናት።

«አባባ፣ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።»

«ምን ሆኜ?»

«ከስተሃላ!»

«ቀበቶው ነው የሰፋው።»

ተለምነው፣ በስንት ግዝት ሄዱ። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ የዚያን ቀን የእኔን ትንሿን ልጅ የሚይዝ ጠፍቶ አብራቸው ሄደች። ሐኪሙ «ምን ይሰማዎታል?» ሲላቸው ክቡርነታቸው ልጅቷን ወደፊት ገፋ አድርገው «ሌሊት ሌሊት ያስላታል» አሉ። የልጅ ሽሮፕ ይዘው፣ ደረታቸውን ነፍተው ተመለሱ። ሳሏ ተሻላት፤ ይህን አልክድም።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ባለቤቴ ራሷ ወሰደቻቸው። ገና ወንበር ሳይዙ «ዶክተር፣ ይቺ ልጄ ወገቧን ያማታል፤ ቢሮ ተቀምጣ ነው የምትውለው» ብለው ጀመሩ። ሐኪሙም ሰው ነውና አዘነላት። ባለቤቴ የወገብ እንቅስቃሴ ታዞላት፣ እያለቀሰች ቤት ገባች።

ሦስተኛው ላይ እኔ ተመደብኩ። ቤተሰቡ «ላንተ እንኳ ያን ያህል አይጨነቁም» ብሎኝ ነው፤ እኔም አመንኩ። ደግነቱ ሐኪሙ ነቅቶባቸዋል። ገና አፋቸውን ሲከፍቱ «አባት፣ ዛሬ ስለ ማንም አልሰማም» አላቸውና አልጋው ላይ አስወጥቶ መረመራቸው። ምርመራ ምርመራን ወለደ። በመጨረሻ መነጽሩን አውልቆ እኔን ለብቻዬ ወደ ኮሪደሩ ጠራኝና «ዘግይቷል» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሰውየው ደግሞ የደበቁት ከእኛ ብቻ አልመሰለኝም፤ ከራሳቸውም ጭምር ነው።

«ከእንግዲህ የምንችለው እንዳይሠቃዩ ማድረግ ነው» አለኝ ሐኪሙ። «ግን ሲያማቸው ይንገሩን። ካልነገሩን ማስታገሻውን በምን እንለካው?»

እንግዲህ የቀረን ሥራ ከአንድ ሰው አፍ አንዲት ቃል ማውጣት ሆነ። ሆስፒታል አልጋ ይዘው ተኙ፤ እኛም ተራ ገባን። ነርሷ «ያምዎታል?» ስትል «ልጆቹ ደህና ናቸው» ይሏታል፤ እጃቸው ግን ከብርድ ልብሱ ሥር አንሶላውን ጨምድዶ ይዞታል። አንድ ቀን ባለቤቴ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባባ፣ በሞቴ፣ አመመኝ በል። አንድ ጊዜ ብቻ።»

«ብልሽስ? ከዚያ አንቺም ልትታመሚ?»

ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። እኔም ተናደድኩ። በሰው ላይ ሳይሆን በደግነት ላይ መናደድ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፤ የሚሰደብ ሰው አይገኝም።

ከሰዓት በኋላው ተራ የእኔ ነበር። ጠዋት የምጽፍበት ጋዜጣ ቢሮ፣ ከምሳ በኋላ አልጋቸው አጠገብ ያለችው ጠንካራ ወንበር። እንቅልፍ ካየሁ ሰንብቻለሁ፤ ጽሑፌን እንኳ ጉልበቴ ላይ ነበር የምጽፈው። አንድ ቀን እንደዚያው አቀርቅሬ ሳለ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ደክሞኛል» አሉ።

ጆሮዬን አላመንኩም። ልጅ የለበት፣ ሚስት የለበት፣ ጣሪያ የለበት፤ ስለራሳቸው ብቻ። ተነስቼ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ያምዎታል አባባ?»

አንሶላውን ይበልጥ ጨመደዱት። ከዚያ እንደተያዘ ሌባ አንገታቸውን ሰብረው «ያመኛል» አሉ። «ለልጄ ግን አትንገራት።»

ነርሷን እየሮጥኩ ጠራሁ። ማስታገሻውን ሰጠቻቸው። ቀስ በቀስ አንሶላውን የያዘው እጅ ተፈታ፣ ግንባራቸውም ተዘረጋ። ደስ አለኝ፤ ደስታው ግን ጉልበቴን ይዞት ሄደ መሰለኝ፣ ወንበሩ ላይ እንደ ጆንያ ወደቅኩ። ክቡርነታቸው ቀና ብለው ሹራባቸውን ደረቡና ትክ ብለው አዩኝ።

«ፊትህ ጠቁሯል። ና እዚህ ጋደም በል።»

«ኧረ አባባ! ይህ የታማሚ አልጋ ነው።»

«እኔ እንደሆን ተኝቼ ተኝቼ ጎኔ ሰለቸው። ትንሽ ልቀመጥበት፤ ተነስ ከወንበሩ።»

ተከራከርኩ። ከእሳቸው ጋር ተከራክሮ የረታ ግን የለም። ለአንድ አፍታ ብቻ ብዬ ጋደም አልኩ።

የነቃሁት የሆነ ነገር ክንዴን ሲጨምቀኝ ነው። ገና ተራዋን የተረከበች ነርስ፣ ክፍሉን የማታውቅ፣ አልጋ ላይ ያገኘችውን ሰው የደም ግፊት እየለካች ነበር። ልነሳ ስል ከወንበሩ በኩል ሹክሹክታ ሰማሁ።

«ቀስ ብለሽ የኔ ልጅ፣ እንዳትቀሰቅሺው። ሰሞኑን እንቅልፍ የለውም።»

«ምንዎ ነው አባት?» አለች፣ እሷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

አማቼ ነው ይሏታል ብዬ ጠበቅኩ።

«ልጄ ነው» አሏት። «እስኪ በደንብ ለኪልኝ።»

ዓይኔን አልገለጥኩም። ለክታኝ እስክትጨርስ ድረስ እንደ ታማሚ ተኛሁላቸው።