ማዘጋጃ ቤቱ በአዋጅ የፈጠነ ዕለት

በፓራጓይ ወንዝ ዳር ያለ አንድ የተከበረ ማዘጋጃ ቤት፣ ድረ ገጹ እስኪከፈት ቺፓ የሚባለው የአይብ ዳቦ አንድ ሙሉ ተበልቶ እንደሚያልቅ በጥልቅ ጥናት አረጋገጠ። ጥናቱን የመሩት ከንቲባው ዶን ኢዲልፎንሶ ናቸው፤ ቺፓውንም የበሉት ራሳቸው ናቸው።

ድረ ገጹ ያለበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ብቻዋን የምትጠብቀው ኒልዳ ቪያልባ መላ አመጣች። ሰርቨሩ እያንዳንዱን ገጽ በተጠየቀ ቁጥር እንደ አዲስ ከሚሠራ፣ ግልባጩን አስቀምጦ ያድል።

«ግልባጩ ግን በየሰዓቱ ይታደስ፣ ክቡር ከንቲባ» አለች። «ደግሞ የሰርቨሩን ሕመም የማይበት የምርመራ ገጽ አለ፤ የይለፍ ቃል ሳይቀር ይዘረግፋል። እሱ ይቆለፍ።»

«በየሰዓቱ? ምን በወጣው!» አሉ፣ ቴሬሬ የሚባለውን በረዶ የገባበት የቅጠል ሻያቸውን በብረት ቀሰም እየሳቡ። «በዓመት አንዴ ይበቃዋል። የምርመራውም ገጽ ክፍት ይሁን፤ ይህ አስተዳደር የሚደብቀው የለውም።»

በአዋጅ ጸደቀ። ድረ ገጹ ፈጠነ። ሕዝቡም የማዘጋጃ ቤቱን የይለፍ ቃል ያለ አንዳች መጉላላት አነበበ፤ ቃሉ «ታላቁኢዲልፎንሶ» ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጨዋታ ወዳድ በዚያው ቃል ገብቶ፣ በከንቲባው ስም ለከተማው ሁሉ የአሳዶ፣ የሥጋ ጥብስ፣ ግብዣ በኢሜይል ላከ። አራት መቶ ሰው ቢላዋውን ስሎ ደጃቸው ተሰለፈ። የከንቲባው ሁለት ወይፈኖች ለግልጽነት ተሰዉ።

«ጥፋቱ የኒልዳ ነው» ተባለ። ሁለት ልጆቿ የሚያድሩበት ደመወዝ ነበር። የስንብት ደብዳቤው ሦስት ማኅተም ተመትቶበት ድረ ገጹ ላይ ተለጠፈ፤ በከተማው ደንብ ማንኛውም ውሳኔ የሚጸናው እዚያ ሲታይ ነውና። ከንቲባው ከፈቱ፤ የለም። ደግመው ከፈቱ፤ የለም። ኒልዳን አስጠሩ።

«ስንብትሽ የት ገባ?»

«ሰው የሚያየው ግልባጩን ነው። እሱ ደግሞ ዓመት ካልሞላው አይታደስም፤ እርስዎ ነዎት ያዘዙት።»

«እንግዲያው አዋጁን ሽሬዋለሁ።»

«መሻሩም ድረ ገጹ ላይ ሲታይ ነው የሚጸናው።»

ከንቲባው ቀሰሙን ከአፋቸው አወጡ።

«ኒልዳዬ፣ የመጪው ጥቅምት ምርጫ ውጤትስ?»

«እሱም ያው ነው።»

«ገጹ አሁን ከንቲባው ማነው ይላል?»

«እርስዎ ነዎት ይላል።»

«አንቺን የመሰለ ሠራተኛ ማን ያባርራል?» አሉ፣ ወንበር እየሳቡላት። ወዲያው ግልባጩ አሥር ዓመት እንዲቀመጥ አዘዙ፤ ለኒልዳም ደመወዟ እጥፍ እንዲሆን ሦስት ማኅተም ያለው ደብዳቤ ሰጧት።

የሚጸናው ድረ ገጹ ላይ ሲታይ ነው።