የተማሪ ሰርቪስ ፈታኟ እትዬ ፍሬን

ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሩን ቆልፎ ይሄዳል። ሁለተኛው ቆልፎ፣ መንገድ ጀምሮ፣ «ቆይ እስቲ» ብሎ ይመለስና እጀታውን ይነቀንቃል። ከዚህ ከሁለተኛው ዓይነት በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። አክስት ትሆናለች፣ አማት ትሆናለች፣ የግድግዳ ጎረቤት ትሆናለች። ምድጃው መጥፋቱን በዓይኗ አይታ፣ በእጇ ነክታ፣ በመጨረሻም ሌላ ሰው ልካ ታስመረምራለች። የእናንተዋ ማን እንደሆነች አላውቅም። የእኔዋ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተማሪ ሰርቪስ አሠልጣኝና ፈታኝ፣ የጋራዡ ጠቅላይ አዛዥ፣ የመሪና የማርሽ የበላይ ጠባቂ፣ ክብርት እትዬ ፍሬን ናቸው።

ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ሹፌሮቹ ነን፤ በሐሜት ጊዜ ብቻ ነበር የምንጠቀምበት። አንድ ቀን አንዱ አምልጦት ፊት ለፊት «እትዬ ፍሬን» አላቸው። እሳቸው ትንሽ አሰቡበት። «መንዳትማ ማንም ይነዳል፤ ማቆም ነው የሚከብደው። ስሙን ወድጄዋለሁ» አሉ። እነሆ ስማቸው ሆኖ ቀረ።

ቁመታቸው ከሰርቪሱ ጎማ እምብዛም አይዘልም። ድምፃቸው ግን የቆመ ሞተር ያስነሳል። ከአፋቸው የማይጠፉ ሁለት ንግግሮች አሏቸው። አንደኛው «እስቲ እንደገና» ነው። ሁለተኛው «አላየኸውም ማለት የለም ማለት አይደለም» የሚለው ነው። ባለቤታቸው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁለቱንም ቤታቸው ውስጥ በየቀኑ እንደሚሰሙ አጫውተውኛል። «ከእሷ ጋር መንገድ ካሰብክ፣ ከቤት የምትወጣበትንና የምትጓዝበትን ቀን ለየብቻ ያዘው» ይላሉ መምህሩ።

በእህታቸው ልጅ ሰርግ ላይ የሆነውን ደግሞ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። የሙሽሮቹ መኪና ሊንቀሳቀስ ሲል እትዬ ፍሬን በአበባ ባጌጠው ኮፈን ፊት ተገተሩ። ሙሽሪት ቀበቶ አላሰረችም።

«እትዬ፣ ቬሎው ይጨማደዳል!» ብላ ሚዜዋ ለመነቻቸው።

«ቬሎ በካውያ ይተኮሳል። ፊትሽን በካውያ ልተኩስልሽ?» አሏት ሙሽሪትን። ቀበቶው ታሰረ። ፎቶዎቹ ላይ ሙሽሪት ከትከሻ እስከ ወገቧ ጥቁር የቀበቶ ሰንበር ተሰምሮባት ትታያለች።

እኔ ወደ እሳቸው እጅ የገባሁት ከጭነት መኪና ነው። ተሳቢ ስጎትት የኖርኩ ሰው ለተማሪ ሰርቪስ ተፈተን ስባል፣ ባሕር የዋኘ ሰው ኩሬ ግባ ሲሉት እንደሚስቀው ሳቅሁ። እትዬ ፍሬን ሳቄን እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ምን ነበር የምትጭነው፣ ልጄ?»

«ሲሚንቶ።»

«ሲሚንቶ ጥሩ ነው። ሲሚንቶ አያለቅስም። ከመቀመጫው ተነስቶ ከጓደኛው ጋር አይደባደብም። እርሳሴ ወደቀ ብሎ ጎማ ሥር አይገባም። በል ውረድና መኪናውን ዙረው።»

ወርጄ ዞርኩ። እንደ ልማዴ ጎማዎቹን በጫማዬ ጠለዝ ጠለዝ አደረግኋቸው።

«እሱ ምን ይነግርሃል?»

«ነፋስ እንዳላቸው ነዋ።»

«እግርህ ላይ መለኪያ ተገጥሞለታል? እስቲ እንደገና።»

እንደገና ዞርኩ። ጎማ ለካሁ፣ ፍሬቻ አበራሁ፣ የአደጋ ጊዜ በሩን ከውስጥም ከውጭም ከፈትኩ። ከዚያ መሪ ልይዝ ስል ወደ መጨረሻው ወንበር ላኩኝና ራሳቸው ነዱ። እኔ ከተሳቢዬ ጋር ስሻገረው ልብ እንኳ የማልለው አንድ ጉብታ ነበር፤ በዚያ ላይ ሲወጡ መቀመጫው ለቀቀኝና አናቴ ጣሪያውን ሳመ።

«ምን ሆንክ?» አሉ በመስታወቱ እያዩኝ።

«መታኝ እኮ!»

«እኔን ምንም አልነካኝም። ሹፌሩና የኋላው ልጅ አንድ መኪና ውስጥ አይደሉም። ይሄን ካላወቅህ ሲሚንቶህን ጫን።»

ቀጥሎ መሪውን ሰጡኝና ሞተሩን አስነስቼ እንድቆም አዘዙኝ። «ስታየኝ ክላክስ አድርግ» ብለው ወረዱ። በቀኝ በር በኩል አለፉ፤ አየኋቸውና ክላክስ አደረግሁ። ከዚያ በፊት ለፊት አጎንብሰው ገቡና ጠፉ። ስፖኪዮውን አየሁ፣ አንገቴን ሰገግሁ፣ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የሉም። ወደ ግቢው በር ሄደዋል ብዬ ፍሬኑን ላላ ሳደርግ ከኮፈኑ ሥር አንድ እጅ ወጥቶ ብረቱን ደበደበ።

«ገደልከኝ» አሉ ብቅ ብለው። አልተቆጡም፤ ሰዓት ስንት እንደሆነ የሚነግሩኝ ያህል ነበር። «አላየኸውም ማለት የለም ማለት አይደለም። እስቲ እንደገና።»

በዚያ ከሰዓት በኋላ ክብርት እትዬ ፍሬንን ደጋግሜ ገደልኳቸው። ቤቴ ስገባ ሚስቴ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ብትለኝ «አሮጊት ስገድል ዋልኩ» አልኳት። ደግሜ ደጋግሜ ተፈትኜ አለፍኩ። ውሎ አድሮ ደግሞ በጠዋቱና በማታው ምልልስ መካከል ረዳት ፈታኝ አደረጉኝ። ለምን እንደመረጡኝ ስጠይቃቸው «ብዙ የገደለ ሰው ይጠነቀቃል» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ትምህርት ሊከፈት ሲል የድንጋይ ካባው ሰፈር መስመር ሹፌር አጣ። ያ መስመር ዳገቱ ጠመዝማዛ ነው፤ ድንጋይ የጫኑ መኪኖች ሽቅብ ቁልቁል ይሉበታል። ሰርቪስ ከሌለ ልጆቹ በእነዚያ መኪኖች መካከል በእግራቸው ነው የሚወርዱት። የትራንስፖርት ኃላፊያችን ሰው ሲያፈላልግ ቆይቶ የሚስቱን ወንድም ይዞልን መጣ። መልከ መልካም፣ ጥቁር መነጽር አድራጊ፣ መንጃ ፈቃዱም የደረጃው የሆነ ጎልማሳ ነበር። መንዳቱም አይታማም። ጋራዡ ውስጥ እንደ ውሃ ነው የፈሰሰው።

እትዬ ፍሬን አንድ የተማሪ ቦርሳ አንስተው በሩ ላይ ቆሙ። «እኔ ተማሪ ነኝ፤ ልወርድ ነው» አሉት። ወረዱ። በሩ ሲዘጋ የቦርሳው ማንገቻ በበሩ ተያዘ፤ ቦርሳው በውጭ ተንጠልጥሎ ቀረ። አማችየው ወደ በሩ ዘወር ሳይል ማርሽ አስገባና ነዳ። ቦርሳው የጋራዡን አስፋልት እየተጎተተ ዞረ፤ ደብተሮቹ ተበተኑ።

«አቁም!» የሚለው ድምፃቸው ሁላችንንም አቆመን።

አማችየው ወርዶ አየና ሳቀ። «እንዴ፣ ቦርሳ እኮ ነው!»

«ቦርሳ ብቻውን ትምህርት ቤት አይሄድም፣ ወንድሜ» አሉት። «ወድቀሃል።»

ኃላፊው ከቢሮው እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ እባክዎን! ወላጅ በሬን ሊሰብርብኝ ነው። ሰውዬው መንዳት ይችላል። ለዛሬ ይለፍና ሌላውን እየሠራ ይማረው።»

«በማን ልጅ ላይ ይማረው?»

ኃላፊው የሚጮኸውን ስልኩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስልኩ ከጠዋት ጀምሮ ስላላረፈ ነው። «ታዲያ እስኪማር ድረስ ያንን ዳገት ማን ይነዳልኛል?»

«እኔ።»

ነዱትም። ለወራት ጠዋትና ማታ የድንጋይ ካባውን ዳገት ወጡ፤ ወንበራቸው ላይ ትራስ ደርበው። የመጀመሪያው ሰሞን ልጆቹ አልወደዷቸውም። አንድ ልጅ ቆሞ ከሆነ ሰርቪሱ ንቅንቅ አይልም። እሳቸው ሞተሩን ያጠፉና እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ የቆመው ልጅ በጓደኞቹ ጩኸት ይቀመጣል። ወላጆችም «እኚህ ሴትዮ ልጆቻችንን አስረፈዱብን» ብለው ከሰሷቸው። ኋላ ላይ ግን ዝናብ በጣለ ጠዋት አንድ ድንጋይ የጫነ መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት ቁልቁል ሲመጣ፣ እትዬ ፍሬን ከጠመዝማዛው በፊት ጥግ ይዘው ቆመው ስለነበር መኪናው ባዶውን መንገድ አልፎ ከአሸዋ ክምር ጋር ተላተመ። ሹፌሩም ተረፈ። ከዚያ ወዲህ ከሳሽ ጠፋ። አንዲት እናት ጠመዝማዛው ጋ ለምን እንደቆሙ ጠየቋቸው። «ማዶውን አላየሁትማ» አሏቸው።

አማችየውም አልቀረም። መጀመሪያ እህቱ አስገድዳው፣ በኋላ እልህ ይዞት፣ ከሰዓት በኋላ እየመጣ ይሠለጥን ነበር። እያጉረመረመ ይመጣል፣ እያጉረመረመ ይሄዳል። ጥቁር መነጽሩን ግን ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ አላየሁበትም።

የዓመቱ የዓይን ምርመራ ደረሰ። ይህ ምርመራ የሚጀመረው እኛው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ እዚህ የወደቀ ሰው፣ ሐኪም እስኪያየው ድረስ መሪ አይነካም። ግድግዳው ላይ እግሮቻቸው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የዞሩ ምልክቶች ያሉበት ሰሌዳ አለ። እኔ በእንጨት እጠቁማለሁ፤ ተመርማሪው የዞረበትን ይናገራል። ሁላችንም አለፍን። በመጨረሻ እትዬ ፍሬን ግራ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ቆሙ።

ትልልቆቹን በደንብ አሉ። ወደ መካከለኛው ስወርድ ቆም ማለት ጀመሩ። «ወደ… ግራ» አሉ። ወደ ላይ ነበር።

ጠዋት እኚህ ሴት ከሌሉ ዳገቱ ሹፌር የለውም። እሱስ ይሁን፤ እኚህ ሴት ያለ መሪ ምን ይሆናሉ? ሳላስበው እንጨቱን ምልክቱ ወደዞረበት ዘንበል ማድረግ ጀመርኩ። ወደ ቀኝ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ወደ ታች ከሆነ ወደ ታች።

«ቀኝ» አሉ። ቀጥለው «ታች» አሉ። ከዚያ እጃቸውን ከዓይናቸው ላይ አወረዱ።

«የሚያየው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ እንጨትህ?»

«እትዬ…»

«እንጨቱን ቀጥ አድርገህ ያዝ።»

ቀጥ አድርጌ ያዝኩ። እሳቸውም ግራ ዓይናቸውን መልሰው ሸፈኑ። ከዚያ በኋላ አንዱንም አላገኙትም። ሹፌሮቹ ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ። አማችየው በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እሱም እንደ እኛው አቀርቅሯል።

«ውጤቱን ንገረኝ» አሉኝ።

«እርስዎ ያውቁታል እኮ።»

«እኔ ተፈታኝ ነኝ። ፈታኙ አንተ ነህ።»

«አላለፉም፣ እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰርቪሱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ሲያኖሩት እጃቸው ትንሽ ዘገየበት፤ ሌላ ምንም አላሳዩም። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው አማችየውን «አንተ ምን ትጠብቃለህ? መኪናውን አውጣ» አሉት።

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ከባድ ፈተና አላየሁም። ዳገት ላይ አስቁመው አስነሱት፣ ወደኋላ አስነዱት፣ ፊት ለፊቱ ተደበቁበት። ገና ሲያጎነብሱ ክላክስ አደረገ። በመጨረሻ በሩ ተዘግቶ ንዳ ሲባል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፤ በሩን በእጁ ዳበሰ፣ ወደ ጎማው አጎንብሶ አየ፣ ተመልሶ ወጣ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠብ ነበር።

«አልፈሃል» አሉት። ትልቁ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ አቀፋቸውና ከመሬት አነሳቸው። «አውርደኝ! ያለ ቀበቶ!» ብለው ጮኹ።

ሐኪሙ የቀኝ ዓይናቸው ከውስጥ ተጎድቷልና መነጽርም አያቃናውም አላቸው። ማሠልጠኑን አልተዉም፤ መንዳቱን ግን ተዉ። ቤታቸው በእኔ መስመር ላይ ስለሆነ የማታውን ምልልስ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ። ከኋላዬ ይቀመጡና «መስታወት!»፣ «ርቀት!»፣ «ወዴት ነው የምትቸኩለው!» ይሉኛል። ሚስቴ እንኳ እንዲህ አትጨቀጭቀኝም። ተሳፋሪ ሆነው የሄዱበት መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወስዷቸው አያውቅም፤ ባለቤታቸው እንዳሉት በሙሽርነታቸው ጉዞ እንኳ ሹፌሩን ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጣጠሩ ነው ያደሩት።

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዎቹን ልጆች አውርጄ ስነዳ ከኋላዬ ምንም ድምፅ የለም። መስቀለኛውን አለፍኩ፤ ዝም። ገበያውን አለፍኩ፤ ዝም። ደነገጥኩና በመስታወቱ አየሁ። ቀበቶ እንዳሰሩ፣ ራሳቸውን መስኮቱ ላይ ጥለው፣ አፋቸውን ትንሽ ከፈት አድርገው ተኝተዋል። ቤታቸው ደጃፍ ስደርስ ቀስ ብዬ አቆምኩ። ሞተሩን ለማጥፋት እንኳ ፈራሁ፤ ጸጥታው እንዳይቀሰቅሳቸው። ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ሲያዩን ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። መምህሩ በመስኮቱ አሻግረው አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ።

ኋላ እትዬ ፍሬን ራሳቸው ነቁ።

«አልተኛሁም» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «እያዳመጥኩህ ነበር።»

«ምን ሰሙ፣ እትዬ?»

«ምንም» ብለው ቀበቷቸውን ፈቱና ወረዱ።

ቤቴ ገብቼ ለሚስቴ ነገርኳት። «እና 'ምንም' ስላሉህ ነው ፊትህ እንዲህ የሚያበራው?» አለችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? ራት እስኪቀርብ ድረስ ስስቅ ቆየሁ።